ቅቤ የበላው ሽቦ

ቀይ ሽቦና ቡናማ ሽቦ አንድ ሆነው ሲታዩኝ ፒንሳዬን ሰቀልሁ። ሐኪሙ ዓይንዎ ደክሟል አለኝ። እኔ ደግሞ ሙያውም አብሮኝ ያረጀ ይመስለኛል። ባለፈው ወር አስተማሪ ጎረቤቴ ለመኪናው አዲስ ቴፕ ገዝቶ መጣና "ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ" አለኝ። መነጽሬን እየጠረግሁ ሳለሁ አንዱን ሶኬት ከሌላው ቀጭ አድርጎ አገናኘው፤ ዘፈኑ ጀመረ።

"ይኸው ነው?" አልሁት።

"ይኸው ነው ጋሼ።"

ቀናሁም፣ ተናደድሁም። በእኛ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሆሳዕና ውስጥ የመኪና ሬዲዮ መቀየር ማለት የመኪናውን አንጀት ከኮፈኑ እስከ ጭራው ጎልጉሎ መልሶ መክተት ነበር። ከእጄ ያለፉትን መኪናዎች ቁጥር አላውቀውም። አንዲቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ በእኔ ጥፋት አንዲት ሴት ስትወቀስ ሁለት ወር ዝም ያልሁባት መኪና ናት። የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ከተነሳሁ እሷን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

ትውልዴ ከምባታ ነው፣ አንጋጫ አጠገብ። ሽቦ የያዝሁት ጎልምሼ ነው። መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የባትሪ ውሃ የምሞላ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። አለቃችን ከመናገር መጮህ የሚቀለው ሰው ነበር፤ ካሚዮኑ ካልተነሳ ጥፋቱ የእኔ፣ ዝናብ ከዘነበም የእኔ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ወረቀቱ ግን ለጉድ ነበር፤ አንድ ጠርሙስ አሲድ ለመቀበል ሦስት ቦታ እፈርም ነበር። ቢሆንም ኤሌክትሪክን እዚያ ተዋወቅሁት። ካምፑ ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እኔ ሆሳዕና ቀረሁና ጋሽ ሽኩር ጋራዥ ገባሁ።

ጋሽ ሽኩር የጉራጌ ሰው ነው፤ ሙያውን መርካቶ ከአንድ አርመን ተምሮ ሆሳዕና የከተመ። ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ቃልም ሽቦም የማያባክን ሰው ነበር። አሮጌ ሽቦ ከመቁረጡ በፊት ያሸትተዋል፣ ልባሱንም በጥርሱ ነከስ አድርጎ ይፈትሸዋል። ግድግዳው ላይ በረድፍ የተመቱ ምስማሮች ነበሩ፤ በየምስማሩ ቁራጭ ሽቦ ወይም የተቃጠለ ዕቃ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ሳይ የደንበኞች ብልሽት ስብስብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቀው "ሁሉም የኔ ናቸው" አለኝ። "የኔ ስህተቶች። ያስተካከልኩትን ደንበኛው ይዞት ይሄዳል፤ ያበላሸሁት ይቀመጥልኝ እንጂ።"

ከሁሉ የሚያናድደኝ ልማዱ ግን ጥያቄው ነበር። ሾፌር መጥቶ መብራቴ ጠፋ ሲለው ኮፈኑን አይነካም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናውን አንዴ ይዞራል። ከዚያ፣

"ምን ትጭናለህ?"

"ኧረ ጋሽ ሽኩር፣ መብራቴ ነው የጠፋው!"

"ሰማሁ። ምን ትጭናለህ?"

"ቆጮ። ሰው። አንዳንዴ በግ።"

"በጎቹ የት ነው የሚቆሙት? የሚጫነውስ በየት በኩል ነው?"

ሾፌሩ በሽቀት ጣራውን ይመታል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እስቃለሁ። የበግ መቆሚያና የፊት መብራት ምን አገናኛቸው? ሽቦ ሽቦ ነው፣ ጅረቱ መንገድ ካገኘ ይሄዳል እል ነበር በልቤ። አንድ ሁለቴ በእርግጥም በግ ያኘከው ሽቦ ተገኝቷል። ያንንም እንደ አጋጣሚ ቆጠርሁት። ጎበዝ ነበርሁና ጉብዝናዬ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

ከእሱ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት የባትሪው ነገር ነው። የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ እንግሊዝ ሠራሽ መኪናዎች ፖዘቲቩ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነበር። አዲሶቹ ባለ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ደግሞ ኔጋቲቩ እንዲታሰር ይፈልጋሉ። ይህን ሳያውቅ የሰካ ሰው ሬዲዮው አንዴ ጠቅ ይልና ለዘላለሙ ያንቀላፋል። ጋሽ ሽኩር የባትሪውን ራሶች አገላብጦ ያስርና ከዲናሞው አንዷን ገመድ ነቅሎ በባትሪው ጫፍ ላይ ለቅጽበት ብልጭ ያደርጋታል፤ ዲናሞው አዲሱን አቅጣጫ በዚያች ብልጭታ ይማራል። የአምፔር መለኪያውንና የኮይሉን ገመዶችም ያዘዋውራል። ይህን ሲያደርግ ትንፋሹን ይዞ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን ትንፋሼን ይዤ ነው ያደረግሁት።

ከአራት ዓመት በኋላ "አሁን የራስህን ክፈት፣ እዚህ ለሁለታችን አይበቃም" አለኝና በገበያው አፍ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እዚያ ገና ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላኝ ነው ኑረዲን የመጣው።

ኑረዲን የጃጁራ ሰው ነው፤ ሀድያ፣ ሳቂታ፣ ሀድይኛም አማርኛም እኩል የሚቀናው። ባለ ሸራ ረጅም ላንድሮቨሩን ሆሳዕናና ጃጁራ መካከል ያመላልስ ነበር። ኋላው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ አለ፤ በአግዳሚዎቹ ሥር የገበያ ሰው ዕቃ ይገባል። በዚያው መስመር ሬዲዮ ያለው አዲስ መኪና ገብቶበት ነበር።

"ሰው ለመሄድ አይደለም የሚሳፈረው" አለኝ። "ለመስማት ነው። ያኛው ዜናም ዘፈንም ያሰማል። የኔ ሬዲዮ እስኪሞቅ ድረስ ጃጁራ እንደርሳለን።"

እውነቱን ነበር። ሬዲዮው ባለ አምፖል፣ ከባድ፣ ባትሪ ጠጪ ነው። ሽቦው ሁሉ በጥጥ የተለበጠ አሮጌ ነበር፤ ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ሁሉንም አውጥቼ አዲስ መዘርጋት ነበረብኝ፤ ኑረዲን ደግሞ አቅሙ ውስን ነው። እንግዲህ ብልሃት የሚባለው እዚህ ላይ ነው አልሁ። ከአንድ ከተገለበጠች ትንሽ መኪና የወጣ ትራንዚስተር ሬዲዮ ከመርካቶ አስመጣሁ። አንቴናውን ከጃንጥላ ዘንግ ሠራሁት። የሞተሩ ጩኸት ሬዲዮው ውስጥ እንዳይገባ ዲናሞው ላይ ኮንደንሰር አሰርሁ። ድምፅ ማጉያውን በእንጨት ሣጥን ከኋላ ሰቀልሁት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ባትሪውን አገላብጬ፣ ዲናሞውን ብልጭ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ቁልፉን ሳዞር ሬዲዮው ወዲያው ተናገረ።

ሽቦውን በተመለከተ፣ ፕላስቲክ የለበሰው ውድ ስለነበር ለፊተኛው ክፍል ብቻ ተጠቀምሁበት። ለኋላው ርካሹን፣ ጥቁር ጎማ የለበሰውን፣ በግራው አግዳሚ ሥር አሳልፌ በቃጫ አሰርሁት። ፊውዝ ለሬዲዮው አደረግሁ። ለተሳፋሪ ያስገባኋት ትንሽ የውስጥ መብራት ግን ሽቦዋ በቀጥታ ከባትሪ ነው የመጣው፤ ለአንዲት ትንሽ አምፖል ፊውዝ ምን ያደርጋል ብዬ። ኑረዲንን ምን ትጭናለህ ብዬ አልጠየቅሁትም። የጋሽ ሽኩር ጥያቄ እኔ ሱቅ ውስጥ አይጠየቅም ነበር።

ለሙከራ አብሬው ስሄድ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እትዬ ዘይነባ ነበረች። ባሏ የሞተባት የሆሳዕና ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ጃጁራ ገበያ ገዝታ ሆሳዕና ትሸጣለች። ቦታዋ የግራው አግዳሚ ጫፍ ነው፤ እዚያ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ቅርጫቷ ውስጥ ጋያዋ፣ ያቺ ከቅል የተሠራች የትምባሆ ማጨሻ፣ አትለያትም። ዜና አንባቢው መናገር ሲጀምር ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ አስጠጋችና ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ የከምባታ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ሳይከፍል ነው እንዴ የሚሄደው?"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

አምስት ወር ሙሉ ደህና ሠራ። ኑረዲን ተሳፋሪዎቹን መለሰ። ከዚያ የካቲት ገባ፣ ፀሐዩ ከረረ። አንድ የገበያ ቀን ከጃጁራ ተጭነው ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከእትዬ ዘይነባ መቀመጫ ሥር ጭስ ወጣ። አንድ ሰው "ጋያዋ! ጋያዋ!" ብሎ ጮኸ። ኑረዲን መኪናውን አቁሞ ሰዉን አወረደና አፈር ያፍስበት ጀመር። ሸራው ነደደ፣ ግራው አግዳሚ ነደደ። ሰው አልሞተም። እትዬ ዘይነባ ቅርጫቶቿን ልታወጣ እጇን ሰድዳ መዳፏ ተቃጠለ።

ኑረዲን መኪናውን በካሚዮን አስጎትቶ አመጣልኝ። ገና ሳይቀመጥ ያለኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

"ይቅርታ አድርግልኝ። ያን የመሰለ ሥራህን አቃጠለችብህ።"

"ደህና ነህ አንተ?" አልሁት። ያኔ ምክንያቱን ገና አላወቅሁም ነበር።

ሲሄድ ሽቦዎቹን መፍታት ጀመርሁ። የፊቱ ፕላስቲክ ደህና ነው። በአግዳሚው ሥር፣ እሳቱ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ጎማው ጎማ መሆኑን ትቶ ነበር። አብጧል፣ እንደ ማስቲካ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። አሸተትሁት። የከረመ ቅቤ ነው። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ በየቅርጫቱ ከአግዳሚው ሥር ይገባል፤ በፀሐዩ ይቀልጣል፣ ሽቦውን እየላሰ ይወርዳል። ወር በወር ጎማውን በልቶታል። ትንሽ ወደ ኋላ ስሄድ የውስጥ መብራቷ ሽቦ ተራቁቶ ሻንሲው ላይ ተጣብቆ አገኘሁት፤ መዳቡ ቀልጦ ጠብ ጠብ ብሏል። ፊውዝ ያላደረግሁላት ሽቦ። ከቅርጫቶቹ ሥር የተነጠፈው፣ ቅቤ የጠጣው ጆንያና ደረቁ ኮባ ቀሪውን ሠርተዋል።

ቁጭ አልሁ። ጋያዋ አልነበረችም። እኔ ነበርሁ።

ቁራጩን ይዤ ጋሽ ሽኩር ዘንድ ሄድሁ። አሸተተው፣ አልነከሰውም።

"ምን ነበር የሚጭነው?"

"ቅቤ።"

"ጠይቀኸው ነበር?"

"አልጠየቅሁትም።"

ከግድግዳው ላይ የምሰቅልበት ምስማር የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ሽቦውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "ይሄ የኔ አይደለም" አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። ሂድ ተናገር አላለኝም፤ ቢለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አልተናገርሁም። ሱቄ ገና መቆሙ ነበር፤ ወሬው ከተነሳ ከሾኔ እስከ ዱራሜ እንደሚዳረስ አውቃለሁ። ሰው አልሞተ፣ መኪናው ይሠራል፣ ነገሩ ይረሳል አልሁ። የኑረዲንን መኪና ከዳር እስከ ዳር በፕላስቲክ ሽቦ፣ በየመስመሩ ፊውዝ አድርጌ፣ ከአግዳሚው ሥር አንስቼ በላይ በኩል አሳልፌ ሠራሁለት። ለድካሜ ምንም አልተቀበልሁም፤ አዝኜልህ ነው አልሁት። እሱም ቸርነቴን በየሄደበት አወራልኝ። ስሜ እንዲያውም ከፍ አለ።

የእትዬ ዘይነባ ስም ግን ወደቀ። የጃጁራ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠየቋት። ፍሙን አጥፍቻለሁ ብላ ማለች። መሐላዋን ለመቀበልም ለመጣልም ተቸገሩ፤ ጭሱ ከሥሯ ሲወጣ ያየ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እስኪጠራ መኪና አትሳፈር አሉ። ሾፌሮቹም እንደ ሕግ ያዙት። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ጃጁራ በእግሯ ትሄዳለች፣ ቅቤውን ተሸክማ በእግሯ ትመለሳለች። ገበያ ውስጥ ሳያት በሌላ በኩል እዞር ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ ኑረዲን "ሬዲዮው ዳገት ላይ ይንሾካሾካል፣ ናና ስማው" ብሎኝ አብሬው ወደ ጃጁራ ሄድሁ። የገበያ ቀን ነው። ከዳገቱ በላይ እትዬ ዘይነባን ደረስንባት። ባዶ ቅርጫቶቿን በጀርባዋ አዝላለች፤ መዳፏ አሁንም በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላ አንዱ "እሳት መጣች" አለና ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኑረዲን ፍጥነቱን አልቀነሰም። እሷ ከመንገዱ ወርዳ ቆመች፣ አቧራው እስኪያልፍ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔን ስታይ በታሰረው እጇ ሰላም አለችኝ።

በዚያች ሰላምታ አፈርሁ። በጣም አፈርሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን ያስነሳኝ ድፍረት አልነበረም፣ ሐፍረት ነው።

"ጃጁራ ስንደርስ ሽማግሌዎቹን ሰብስብልኝ" አልሁት ኑረዲንን።

"ምን ሆንክ?"

"እዚያ እነግርሃለሁ።"

ቁራጩ ሽቦ ጋሽ ሽኩር ከመለሰልኝ ቀን ጀምሮ ከመሣሪያ ሣጥኔ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከገበያው ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰዉ ከበበን። ሽቦውን አውጥቼ ለትልቁ ሽማግሌ ሰጠሁት። አሸተተው፤ በጣቱ አሻሸው፤ ለጎረቤቱ አቀበለ።

"ቅቤ ነው" አለ። "የከረመ።"

"አዎ አባቴ። ጎማውን የበላው እሱ ነው። መኪናውን ያቃጠለው ሽቦው ነው፤ ጋያዋ አይደለችም።"

"እንግዲያውስ ጥፋቱ ያው የቅቤዋ አይደለም?" አለ አንዱ ከዳር።

"አይደለም። መኪናው የቅቤ መኪና ነው፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሳይጠይቅ ይሄን ሽቦ እዚያ ያስገባው እኔ ነኝ። ፊውዝ የነፈገውም እኔ ነኝ።"

ኑረዲን አፈጠጠብኝ። "መቼ ነው ያወቅከው?"

"መኪናውን ያመጣህልኝ ቀን።"

"ሁለት ወር?"

"ሁለት ወር።"

ኮፍያውን አነሳና ወደ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዓመት ያህል ከዚያ መስመር አንድም መኪና ሱቄ ደጃፍ አልቆመም። አንጋጫና ዱራሜ እየዞርሁ የወፍጮ ሞተር ጠገንሁ፣ ሾኔ ላይ በሰው ጋራዥ በቀን ሥራ ሠራሁ። በኋላ ከሁሉ ቀድሞ የተመለሰው ኑረዲን ራሱ ነው፤ ኮፈኑን ከመንካቴ በፊት የሚጭነውን ሁሉ፣ ዶሮ እንኳን ሳይቀር፣ ቆጥሮ አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሳልጠይቅ የነካሁት መኪና የለም። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው።

የዚያን ቀን እትዬ ዘይነባ ገበያ የደረሰችው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ሰዎች ሮጠው ነግረዋታል። ስትረግመኝ ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ ሽማግሌዎቹን ለመስማት ከተሰበሰበው ይበልጥ ነበር። እኔም ይገባኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት። ቅርጫቶቿን አወረደች። ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደክሟታል።

"ፍሙ አይደለም?" አለችኝ።

"አይደለም እትዬ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ሽቦው ነው።"

የታሰረውን እጇን በደህናው ያዘችው። "እኔ እኮ መጀመሪያ አጥፍቻለሁ ብዬ ማልኩ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰዉ ለመስማት ተጠጋ። "በኋላ ሰው ሁሉ ሲለው፣ አንዲት ፍም አመዱ ሥር ቀርታ ይሆን እንዴ አልኩ። ከዚያ ታየችኝ። ወላሂ፣ ፍሟን በዓይኔ አየኋት። በሐሰት ምዬ ሰው ልፈጅ ነበር፣ ማረኝ እያልኩ በየሶላቱ ስለምን ነበር። ሁለት ወር።"

ይህን አልጠበቅሁም። ከመኪና ያስወረድኋት ብቻ መስሎኝ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አንስታ ከለከለችኝ።

"ተው፣ እሱን በኋላ ትለዋለህ። አሁን ያንን ድገምልኝ። እኔ እያለሁ ጮክ ብለህ በለው።"

ተነሣሁ። "ያቃጠለው የእኔ ሽቦ ነው፣ የዘይነባ ጋያ አይደለም" አልሁ።

"ድገመው።"

ደገምሁት። አንዴም ጨምር አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማኝ። በሦስተኛው ላይ ዓይኗን ገለጠችና ሰዉን አንድ በአንድ ተመለከተች።